እስኪበርድ ቁጭ በይ

ቅዳሜ ጠዋት ወልድያ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሳው የመርሳዋ ሰዓዳ ሆና ተገኘች። ሰዓዳ መርሳ ሳስተምር ጎረቤቴ የነበሩት የእትዬ ሐዋ የወንድም ልጅ ናት፤ ከእሳቸው አጥር ጋር በተያያዘው ግቢ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች።

«ቲቸር፣ አክስቴ ወደ አኼራ ሄዱ» አለችኝ። «ትናንት ጁምዓ፣ ከዙሁር ሰላት በፊት። ለአሱር ቀበርናቸው። ቁጥርሽን ከስልካቸው ላይ ነው ያገኘሁት።»

«አላህ ይዘንላቸው» ማለት ነበረብኝ። መርሳ አምስት ዓመት ስኖር ለስንቱ ሰው ብዬዋለሁ። ያን ዕለት ግን ወደ መደርደሪያዬ ዞርኩ። እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ የሰውየው ፊት ነው የሚመጣው ይላሉ፤ ለእኔ የመጣልኝ ሰሃን ነው። ሰሃኑ እዚያው መደርደሪያዬ ላይ አለ። ነጭ ነው፣ ጠርዙን አረንጓዴ ቅጠል ይዞረዋል፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አስቀምጬበታለሁ። የእትዬ ሐዋ ሰሃን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ሳምንት ይዤው እመጣለሁ» እያልኩ የኖርኩት ይኼን ነው። ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

መርሳ የገባሁት በኬሚስትሪ መምህርትነት ተመድቤ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ ሙቀት አላውቅም። በገባሁ በሳምንቴ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የተከራየሁበት ግቢ በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ረጅም ቀጭን ሴትዮ ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ርቀው፣ ጎናቸውን ሰጥተው ቆመዋል። በኋላ እንዳየሁት የማንንም በር አንኳኩተው እንደዚያ ነው የሚቆሙት፤ የገዛ ወንድማቸውን በር እንኳ። ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ከሥር ይዘው ደረታቸው ላይ አድርገውታል።

«ቲቸሯ አንቺ ነሽ? ሐዋ እባላለሁ። ይኼ ፊት ለፊትሽ ያለው ቤት የኔ ነው። እንኪ ቅመሽ።»

ሰሃኑ ላይ ያለው እኩል እኩል ተቆርጦ የተደረደረ ጥቁር ነገር ነው። ለዓይኔ ያረረ ዳቦ መሰለኝ። ላዩ ላይ ለውዝ ተነጥፎበታል፤ ለውዙ ያብለጨልጫል። እኔም ጨዋነቴን ላሳይ ብዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ያመጡትን ወደ ራሴ ዕቃ ገለበጥኩና ሰሃናቸውን በሳሙና አጥቤ፣ በፎጣ አድርቄ፣ እዚያው በር ላይ እንደቆሙ መለስኩላቸው።

ሰሃኑን አገላብጠው አዩት። «አጠብሽው እንዴ?»

«አዎ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎን ደግሞ ለሰሃን ላመላልስዎ?»

«ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ዝግ ብለው ነው ያሉት። ከዚያ ባዶውን ሰሃን እንደ ሙሉ በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ተሻገሩ።

ያመጡትን ስቀምሰው ጉድ አልኩ። ሥሩ ቸኮሌት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ጥርስ ላይ የሚቀር። ላዩ በማር የተለወሰ የተቆላ ለውዝ ነው። ጣፋጩ ሳያሰለች የካካዎው ምሬት ይመጣና ያርመዋል። አዲስ አበባ በነበርኩ ጊዜ በጓደኛ ልደት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሻለሁ፤ የዚህን ያህል ግን አልነበረም። ከሰባቱ ቁራጭ ስድስቱን ቆሜ በላሁ።

ጥፋቴን የነገረችኝ ሰዓዳ ናት። በማግስቱ ሱቅ ተገናኝተን ሳመሰግን ሳቀች። «ቲቸር፣ እዚህ ሰሃን በቀኑ አይመለስም። ባዶውንም አይመለስም። ሰንበት ብለሽ፣ ያለሽን ትንሽ ነገር ጣል አድርገሽበት፣ ራስሽ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ትቀመጫለሽ፣ ትጫወቻለሽ። አንቺ እኮ በር ላይ አባረርሻቸው።»

እኔ ሰው ላላስቸግር ብዬ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጣፋጩን ያመጡት ሰሃኑን ይዤ እንድገባ ነው። ይኼን ለመረዳት የኬሚስትሪ ዲግሪዬ ምንም አልጠቀመኝም።

ሁለተኛው ሰሃን ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ሦስት ቀን አሳደርኩትና አምስት ብርቱካን አድርጌበት ገባሁ። ሳሎናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። መርሳ እንደዚያ ያለ ሳሎን አላየሁም፤ ርዝመቱ የመማሪያ ክፍል ያህላል። ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፎ ቀይ መከዳ ተደርድሮበታል። ሃያ ሰው ቢገባ ይበቃዋል። መከዳዎቹ ሁሉ ግን ከሱቅ እንደወጡ በላስቲካቸው ናቸው። ስቀመጥ ላስቲኩ ከሥሬ ተንሿሿ።

«ላስቲኩን አላነሱትም እትዬ?» አልኳቸው።

«ሰው ሲገባበት አነሳዋለሁ።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺማ አንድ ነሽ» ብለው ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። «ደግሞ እርስዎ አትበዪኝ፤ አንቱ በይኝ። እርስዎ ስትዪኝ ቢሮ የገባሁ ይመስለኛል።» አንቱ ማለቱ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነልኝም።

የቤታቸው ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ገና በልጅነታቸው ተድረው፣ ልጅ አልይዝላቸው ብሎ ተፈቱ። ከዚያ በቤት ሠራተኝነት ቤሩት ሄዱ። አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ቤት አልወጡም። የቤቱ እመቤት እንግዳ የማይለያት ሴት ነበረች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሳሎኗ በሴት ይሞላል። ይኼን የቸኮሌትና የለውዝ ጣፋጭ መጋገር ያስተማረቻቸው እሷ ናት። መጀመሪያ አብራቸው ትጋግር ነበር፤ ኋላ እጃቸው ከእሷ እጅ ሲበልጥ ኩሽናውን ለቀቀችላቸው።

«ጋግሬ፣ ቆርጬ፣ ደርድሬ አገባለሁ» አሉኝ። «ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ እወጣለሁ። ከበሩ ኋላ ቆሜ ሲስቁ እሰማለሁ። ሐዋ ስትባል ገብቼ ባዶውን ሰሃን አወጣለሁ። ቤሩት ውስጥ የኔን ጋገራ ያልበላ ሀብታም የለም እልሻለሁ። እኔ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ግን አንድ ቀን አልበላሁትም። ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ከጠርዙ የተረፈውን ነው የማውቀው።»

ሲመለሱ እናታቸው አልፈዋል፤ ወንድሞቻቸው ትዳር ይዘዋል። እሳቸው ቤት ሠሩ። ግንበኛው «ለአንድ ሰው ይኼ ሁሉ ሳሎን ምን ያደርጋል?» ቢላቸው «አንተ ሥራ፣ ሰውን ለኔ ተወው» አሉት። ሳሎኑ ተሠራ። ሰው አልመጣም። መርሳ ክፉ ሰው ኖሮባት አይደለም፤ እንደ መርሳ ሰው የሚወድ አላየሁም። ሁሉም ግን ልጅ አለው፣ ማሳ አለው፣ ሱቅ አለው። እትዬ ሐዋ ደግሞ ከአገር ወጥተው ሲቆዩ የዕድሜ እኩዮቻቸው አያት ሆነዋል። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ይጠራሉ፤ በደህና ቀን ግን ማን ምን ብሎ ይግባ? ሰሃኑን የጀመሩት ለዚህ ነው።

አጋገራቸውን ካላወራሁ እሳቸውን አላወራሁም። ምድጃቸው ኤሌክትሪክ አይደለም። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በልካቸው የሠራላቸው አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ትሪ ነበራቸው፤ ሁለት እጀታ አለው፣ ጠርዙ ብድግ ያለ ክዳን አለው። ድፎ እንደሚደፋው ከታች በከሰል ምድጃ ያስቀምጡታል፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረድሩበታል። ሊጡን ከማፍሰሳቸው በፊት ክዳኑን ያነሱና መዳፋቸውን ባዶው ትሪ ውስጥ ዘርግተው «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» እያሉ ይደጋግማሉ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን ሳብ ካደረጉ ትክክል ነው። ሁለተኛው ላይ ካቃጠላቸው ፍም ይቀንሳሉ፤ አምስተኛው ከደረሰ ይጨምራሉ።

ለውዙ ከሐራ ገበያ ነው የሚመጣው። ራሳቸው ይቆሉታል፣ በመዳፋቸው ያሹታል፣ በሰፌድ ያንገዋልሉታል፤ ቀዩ ገለፈት ግቢውን ይሞላዋል። ግማሹን ይወቅጡታል፣ ግማሹን ለላዩ እንዳለ ይተዉታል። ካካዎው ከወልድያ ሱቅ ነው፤ አንዳንድ ወር ይጠፋል፣ ያን ወር እትዬ ሐዋ የታመመ ሰው ይመስላሉ። ቅቤና ስኳሩን አቅልጠው ካካዎውን ሲጨምሩበት ድምፃቸው ዝግ ይላል፤ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ትንሽ ዱቄት። ዱቄት የሚያበዛ ሰው ይንቃሉ። «እሱ ዳቦ ይጋግር» ይላሉ።

እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ እጽፋለሁ። ስኳሩ ይህን ያህል፣ ቅቤው ያን ያህል። ሚዛን ሁሉ ገዝቼ ነበር። አንድ ቀን የጻፍኩትን አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ፍሙንስ ስንት ግራም ብለሽ ጻፍሽው?» አሉ። ደብተሬን ከዚያ ወዲህ አላወጣሁም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከምድጃው ካወጡት በኋላ ያለውን ነው። ሽታው ቤቱን ሞልቶት፣ ምራቄ አፌን ሞልቶት፣ ቢላዋውን ሳይ «ትኩሱ አይቆረጥም» ይላሉ። «ትኩሱን ከቆረጥሽው ይፈረፈራል። እስኪበርድ ቁጭ በይ።»

እውነታቸውን ነው። ቸኮሌቱ ካልረጋ ማሩ ለውዙን አይዝም፣ ቢላዋ ሲያርፍበት ይናዳል። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የእትዬ ሐዋ ግን አንድ ሰዓት በርዶ አያውቅም። ትሪውን በጎን ይነኩና «ገና ነው» ይላሉ። ስለ ደብረ ማርቆስ ይጠይቁኛል፣ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል፣ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። እንደገና ይነኩታል። «ገና ነው።» እኔ የሙቀትን ነገር አስተምሬ የምኖር ሰው፣ ያ ትሪ ከቀዘቀዘ እንደቆየ እያወቅሁ፣ ገና ነው ሲሉኝ እሺ እላለሁ። ሌሎቹ ጎረቤቶች ግን አይታገሱም። «ሐዋ፣ ሲበርድ ለልጆቹ ላኪልን» ብለው ይሄዳሉ። ይልካሉ። ሰሃኑም በዚያው ይቀራል።

አንድ ዒድ ትዝ ይለኛል። ሦስት ትሪ ጋገሩ። መንገዱን ሙሉ ጠሩ። ሰው መጣ፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባባለ፣ ልጆቹ ጣፋጩን በሰሃን በሰሃን ተቀበሉ። ግን ዒድ ነው፤ ሁሉም የሚዞርበት ዘመድ አለው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳሎኑ ጭር አለ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ክርስቲያን ስለሆንኩ በዒድ የምዞርበት ዘመድ የለኝም። እትዬ ሐዋ ለእኔ በሰሃን አቀረቡልኝና ሄደው የሳሎኑ በር ሥር ቆሙ። እጃቸውን አጣጥፈው፣ ጎናቸውን ሰጥተው።

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ» አልኳቸው።

«አንቺ ብዪ፣ እስክትጨርሺ ነው።»

ያኔ ገባኝ። የገዛ ቤታቸው ነው፣ የገዛ ሳሎናቸው ነው፤ ሰው ሲበላ መቀመጥ አያውቁም። ሰሃኑን አስቀምጬ ተነሳሁና እኔም በሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። «እርስዎ ካልተቀመጡ እኔም እዚህ ነኝ» አልኩ። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም እዚያ ቆምን። ከዚያ ሳቁ፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፣ መጡና ተቀመጡ። የመከዳው ላስቲክ ተንሿሿ። አንድ ቁራጭ አንስተው ዓይኔን እያዩ በሉ። ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ፤ ለካ ቁጭ ብለው ሲበሉት ይጣፍጣል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ የኔ ቀን ሆነ። መጀመሪያ ላይ በጾም አመካኝቼ ነበር። ዓርብ ሲጠሩኝ «እትዬ፣ ቅቤና እንቁላል አለበት፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝም ነበር፤ ወደ ቤቴ ገብቼ መተኛት ነበር ያማረኝ። አልተከራከሩኝም። አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ወተት? አይሆንም። ዘይት? ይሆናል። ሰሊጥ? ይሆናል። ማር? ይጾማል አይጾምም በሚለው እናቴም ከጎረቤት ጋር ትጣላለች አልኳቸው። «እንግዲያው ይቅር» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ጠሩኝ። አዲስ ትሪ አሠርተዋል፣ ትንሽዬ። እጀታው ላይ ነጭ ክር አስረውበታል። በቅቤው ፋንታ ሰሊጥ ፈጭተዋል፤ በእንቁላሉ ፋንታ የበሰለ ሙዝ ጨፍልቀዋል፤ በማሩ ፋንታ ስኳር አቅልጠዋል።

«ይቺ የአንቺ ናት» አሉኝ ክሩን እያሳዩ። «ቅቤ ነክቷት አያውቅም። ቢላዋዋም ለብቻ ነው። አሁን ምን ታመካኛለሽ?»

ዓርብ ዓርብ መግባት ጀመርኩ። እሳቸው ጠዋት ይጋግሩታል፤ የጁምዓን ሰላት ይሰግዳሉ፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እገባለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን እፈታለሁ፣ እሳቸው ትሪውን ይነኩና «አሁን በረደ» ይላሉ። ያቺ ትሪ በርዳ የምታውቀው ልክ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለታችን ብቻ ባዶ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለን እንበላለን። ብዙም አናወራም። እሳቸው ሊጠጡ የሚችሉትን ብቸኝነት ጠጥተው የጨረሱ ሰው ናቸው፤ እኔ ገና መጀመሬ ነበር። እንደዚያ ተቀምጠን ዝም ስንል ግን ሁለታችንም ቀለል ይለን ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ዝውውር ጠየቅሁ፤ ወልድያ ደረሰኝ። ልወጣ ዕቃዬን ስጭን እትዬ ሐዋ መጡ። እንደ ልማዳቸው ከበሩ ርቀው ቆሙ። ያን አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ሰሃን ሞልተው ሰጡኝ። አላለቀሱም። «ሰሃኑን ይዘሽ ነዪ» ብቻ አሉ።

«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ስብሰባ ነበር። ከዚያ ምን እንደነበረ አላስታውስም፤ ምንም አልነበረም ማለት ይቀላል። በየዓርቡ በዘጠኝ ሰዓት ግን ስልኬ ይጮኻል።

«ሰሃኔ ደህና ነው?»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምሩት። ደህና ነሽ ወይ አይሉኝም። እኔም «ደህና ነው እትዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አመጣዋለሁ» እላለሁ። «ኢንሻአላህ» ይላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ አንድ መላ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። «እትዬ፣ የመርሳ ሚኒባስ ሾፌር አውቃለሁ፤ ሰሃኑን ዛሬውኑ በእሱ ልላክልዎ» አልኳቸው።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«በሾፌርማ አትላኪው» አሉ። «እዚያው ይቀመጥ። ግድ የለም፣ አብሽሪ።»

በመጀመሪያው ሳምንት በር ላይ የሠራሁትን ጥፋት ከሰባት ዓመት በኋላ ደገምኩት። ያኔ ግን አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ። አሁን እያወቅሁ ነው። ይህ ከሆነ አንድ ወር አይሞላውም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ስልኩን ዘግቼ ሎሚውንና ነጭ ሽንኩርቱን ከሰሃኑ ላይ አወረድኩ። አጠብኩት። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ባዶውን ይዤ እንዴት ልግባ? ሱቅ ሄጄ ብስኩት ልግዛ ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለ። ካካዎ ገዛሁ፣ ለውዝ ገዛሁ፣ የአከራዬን ድስት ተዋስኩ። አከራዬ ኩሽና በር ላይ ቆማ «ለቅሶ ቤት ቸኮሌት ይዞ የሚሄድ ሰው አየሁ» አለችኝ። መዳፌን ባዶው ድስት ውስጥ ዘርግቼ የእሳቸውን ቃል በእሳቸው ቁጥር አልኩት። ሦስተኛው ላይ አቃጠለኝ።

ሲወጣ ሽታው የእሳቸው ቤት ሽታ ነው። ሚኒባሱ ግን ሊያመልጠኝ ነው። ትኩሱን ቆረጥኩት። እንደተባለው ተፈረፈረ። አንድ ቁራጭ ቀጥ ብሎ የቆመ የለም። ፍርፋሪውን ሰሃኑ ላይ ከምሬ በፎጣ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ምን ይዘሽ ነው ልጄ፣ ደስ የሚል ይሸታል» ቢሉኝ ዕንባዬ መጣ። «ሰሃን ልመልስ ነው» አልኳቸው።

ግቢው በድንኳን ተሸፍኗል። ወንዶቹ ውጭ ናቸው፣ ሴቶቹ ሳሎን። በሩ ሥር ጫማዬን አወልቄ ቀና አልኩ። ሳሎኑ ሞልቷል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ቁጭ ብሏል። መከዳዎቹ ላይ ላስቲክ የለም። ትናንት ሰው ሲበዛ ሰዓዳ በቢላዋ እየቀደደች አንስታዋለች፤ የተቀዳደደው ላስቲክ ግቢው ጥግ ተከምሮ አይቼዋለሁ። በየሰዉ ፊት ሰሃን አለ። ሩዝ ያለበት፣ ቴምር ያለበት፣ ዘይቱን ያለበት፣ ንፍሮ ያለበት። ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የእትዬ ሐዋ ናቸው።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አልኩ እንደምንም። ሰዓዳ ተነስታ አቀፈችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«አየሽ ቲቸር» አለችኝ። «ትናንት ለለቀስተኛው ምግብ ላቀርብ መደርደሪያቸውን ብከፍት አንድ ሰሃን የለም። ለካ በየሰዉ ቤት የእሳቸው ሰሃን አለ። ሰምተው ሁሉም ይዘው መጡ። እኔም ራሴ፣ የአጥር ጎረቤት ሆኜ፣ አራት ሰሃን አግኝቼ መለስኩ።»

የኔን ሰሃን ሰጠኋት። ፎጣውን ገልጣ ፍርፋሪውን አየችና ወደ ኩሽና ወሰደችኝ። ከሰል ምድጃው ቀዝቅዟል። ላዩ ላይ ትንሽዬዋ ትሪ በክዳኗ ተቀምጣለች። እጀታዋ ላይ ነጭ ክር አለ፤ ታጥቦ ታጥቦ ግራጫ ሆኗል።

«ትናንት ጠዋት የጋገሩት ነው» አለች ሰዓዳ። «በአጥር አሻግረው 'እስኪበርድ ጋደም ልበል' አሉኝ። ለሰላት ልቀሰቅሳቸው ብገባ ነው ያገኘኋቸው።»

«ለማን ነበር የጋገሩት?» አልኩ። መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየጁምዓው ይጋግሩት ነበር እኮ። እዚህ መንገድ ላይ የሚጾም ክርስቲያን የለም። 'አክስቴ፣ ለማን ነው?' ስላቸው 'ሰሃኑ የመጣ ቀን ባዶ እጄን ልቀበለው?' ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ያድሉታል። ይኸኛውን ግን ማንም አልነካውም። አንቺ እስክትመጪ ብዬ ነው።»

ለብቻዋ የተቀመጠችውን ቢላዋ ከመስኮቱ አንስታ ሰጠችኝ። ትሪውን በጎኑ ነካሁት። ቆረጥኩት፤ አንድም አልተፈረፈረ። በዚያ አረንጓዴ ቅጠል ባለው ሰሃን ላይ ደረደርኩና ሳሎን ገባሁ። ለሁሉም አዞርኩ። ሴቶቹ አንድ አንድ አነሱ። ማንም አልቸኮለም።

አዙሬ ስጨርስ ራሴን የሳሎኑ በር ሥር ቆሜ አገኘሁት። ከሴቶቹ አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ መከዳው ላስቲክ ስለሌለው ድምፅ አላሰማም። የኔን ቁራጭ አነሳሁ። የመግሪብ ሰላት እስኪደርስ ከዚያ አልተነሳሁም።